ሞተሩም እንደኛ ይተነፍሳል

(ደብረ ብርሃን ውስጥ ለአንድ የሰፈር እድር አባላት ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፣ እንደምን አመሻችሁ? በዚህ ብርድ ከቤታችሁ ወጥታችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ።

ባለፈው ስብሰባችን መብራት ጠፍቶ በሻማ እንደጨረስን ታስታውሳላችሁ። ስንወጣ ሦስት ሰዎች በር ላይ ያዙኝ። ሦስቱም ጥያቄያቸው አንድ ነበር፦ «ጄኔሬተር ልገዛ ነው፣ የቱን ልግዛ?» እንዲህ ያለ ነገር ቆሞ አይመለስም። ተቀምጠን እንነጋገርበት አልኩ፣ ሊቀመንበራችንም እሺ አሉ።

እኔ በዚህች ከተማ ከ20 ዓመት በላይ የቤት መስመር ስዘረጋና ሞተር ስጠግን ኖሬአለሁ። የምነግራችሁ በእጄ የነካሁትን፣ በዓይኔ ያየሁትን ነው።

ይህን ገመድ አያችሁት? ርዝመቱ 6 ሜትር ነው። ትናንት ማታ ለክቼ ቆረጥኩት። ለምን እንዳመጣሁት በኋላ እነግራችኋለሁ።

ከአንድ የሰፈራችን ሰው ልጀምር። ለገና ዋዜማ ብሎ ከአዲስ አበባ ጄኔሬተር ገዝቶ መጣ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ 5 ኪሎ ዋት ይላል፣ 5,000 ዋት ማለት ነው። የቤቱ ምጣድ 3,500 ዋት ነው። ሂሳቡ ያለ ችግር ይሠራል። ሱቅ ውስጥም በአንዲት አምፖል ሞክረው አሳይተውታል። ዋዜማው ላይ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩን አስነሳና ምጣዱን ሰካ። ሞተሩ አጉረመረመ፣ አምፖሎቹ ቀሉ፣ ጥቁር ጭስ ተፋ፣ ቀጥ አለ። እንደገና አስነሳው፣ እንደገና ቀጥ አለ። ሊጡ ኩፍ ብሎ እየጠበቀ ነው።

ሲጠራኝ ሄጄ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ ፈታሁት። እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯል። ሰውየው «አታለውኛል» ብሎ ተናዷል። ነገሩ ግን ከማታለል በላይ ነበር። እውነተኛው ምክንያት የምንኖርበት ቦታ ነው።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ሸዋ ሮቢት ደግሞ ወደ ቆላው ወርዳ 1,300 ሜትር አካባቢ ናት። ከሸዋ ሮቢት ተነስቶ ጣርማ በርን የወጣ ሰው ጆሮው ይደፈናል። ትንሽ ሮጥ ቢል ቶሎ ያለከልካል። አየሩ ስለሳሳ ነው። የባሕር ጠረፍ አየር 100 እጅ ቢሆን፣ እኛ ጋ የሚደርሰን 70 እጅ ትንሽ ቢያልፍ ነው።

ሞተርም እንደኛው ነው። ቤንዚኑን የሚያቃጥለው በሚስበው አየር ነው። አየሩ ከሳሳ ጉልበቱ ይቀንሳል። በግምት በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል ብላችሁ ያዙ። የሰውየው ጄኔሬተር 5 ኪሎ ዋት የተባለው ለአፍታ የሚችለውን ነው። በተከታታይ የሚሰጠው 4.5 ነበር፣ ጎኑ ላይ በትንንሽ ፊደል ተጽፏል። ከ4.5 ላይ ለደብረ ብርሃን ከፍታ 28 በመቶ ስትቀንሱ 3.2 ይቀራል። ምጣዱ 3.5 ይፈልጋል። ያው ጄኔሬተር ሸዋ ሮቢት ቢሆን ወደ 3.9 ይሰጥ ነበርና ምጣዱን በጭንቅም ቢሆን ይጎትተው ነበር።

ጥቁሩ ጭስም ከዚሁ ይመጣል። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርብሬተር ቤንዚን የሚለቀው ፋብሪካ በተሠራበት ልክ ነው። አየሩ ግን አነሰ። ስለዚህ ቤንዚኑ ይበዛበትና በደንብ ሳይቃጠል ይወጣል። ካንዴላው ይጠቁራል፣ ነዳጅ ይባክናል፣ ጭሱም የባሰ መርዛም ይሆናል። መፍትሔ አለው። ካርብሬተር ውስጥ ቤንዚን የሚያልፍባት ቀጭን ቀዳዳ ያላት ትንሽ የናስ ቁራጭ አለች፣ መካኒኮች ጂግለር ይሏታል። ለከፍታ ቦታ የምትሆነው ቀዳዳዋ ጠበብ ያለች ናት። ስትገዙ ሻጩን ጠይቁት። ከሌለው ሞያውን ለሚያውቅ መካኒክ አሳዩት። ጂግለሩ ሲቀየር ጭሱ ይጠራል እንጂ የቀነሰው ጉልበት አይመለስም።

እንግዲህ የቱን ልግዛ ለሚለው መልሴ፣ መጀመሪያ ቤታችሁን ቁጠሩ ነው። እስክሪብቶና ወረቀት ያዙ። መብራት ሲጠፋ የግድ የሚያስፈልጋችሁ ምንድን ነው? እያንዳንዱ ዕቃ ጀርባው ወይም ሆዱ ላይ ዋቱ ተጽፏል። ስምንት አምፖል፣ እያንዳንዱ 10 ዋት፣ 80። ቴሌቪዥን 100። ስልክ መሙያና ኢንተርኔት 30። ፍሪጅ 150። ድምሩ 360 ዋት ነው። ፍሪጅ ግን ሞተር አለው። ሞተር ሲነሳ ለአፍታ ከመደበኛው አራት አምስት እጥፍ ይስባል። ለዚያች አፍታ 1,000 ዋት ያህል ያስፈልጋችኋል። ጎኑ ላይ በተከታታይ 2 ኪሎ ዋት ይሰጣል የተባለ ጄኔሬተር እዚህ 1.4 ይሰጣችኋል። ይበቃል፣ ትንፋሽም ይተርፈዋል።

ከጉድጓድ ወይም ወደ ሮቶ ውሃ የሚስብ ፓምፕ ያላችሁ ሌላ ሂሳብ አላችሁ። የ750 ዋት ፓምፕ ሲነሳ ከ2,000 በላይ ይጠይቃል። እናንተ ከ3.5 ኪሎ ዋት አትውረዱ፣ ፓምፑ ሲነሳም ፍሪጁን ንቀሉለት።

ስለ ምጣድ የማስበውን በግልጽ ልናገር። እንጀራ በጄኔሬተር አይጋገርም። ይቻላል፣ ግን አያዋጣም። ለምጣድ ብላችሁ ስትገዙ ለቤታችሁ ከሚበቃው ሁለት ሦስት እጥፍ የሚሆን ማሽን ልትገዙ ነው። ያ ማሽን አምፖልና ቴሌቪዥን ብቻ ይዞ በሚያመሽባቸው ሌሎች ቀናትም ከትንሹ የበለጠ ቤንዚን ይጠጣል። ቤንዚን ደግሞ ተሰልፋችሁ የምታገኙት ነገር ነው። ለእንጀራ የእንጨት ምድጃችሁን አታፍርሱ። ለማሞቂያ፣ ለካውያ፣ ለውሃ ማፍያም ያው ነው። ሙቀት የሚሰጥ ዕቃ ሁሉ ዋት ይበላል።

ሱቅ ስትሄዱ ሁለት ነገር አድርጉ። የካርቶኑን ትልቅ ቁጥር ተዉትና ጎኑ ላይ የተለጠፈውን የጽሑፍ ሰሌዳ አንብቡ። ሁለት ቁጥር ካለው ትንሹን ያዙ። ከዚያ በአምፖል እንዳይሞክሩላችሁ። ዋቱ የታወቀ የኤሌክትሪክ ምድጃ ይዛችሁ ሂዱ፣ ይሰካና ግማሽ ሰዓት ይሥራ። ቮልቱ 220 አካባቢ ረግቶ ከቆየ ደህና ነው። ሻጩ ቢቆጣ ሌላ ሱቅ ግቡ። መዳብ ነው የሚሏችሁ የጄኔሬተሩ የውስጥ ሽቦ ጥቅልል አሉሚኒየም ሊሆን ይችላል፣ ቀለም ተቀብቶ ዓይን ያታልላል። አንድ ዓይነት ጉልበት ከተጻፈባቸው ሁለት ማሽኖች አንዱ በጣም ከቀለለ ጠርጥሩ። ኮምፒውተር ላይ የምትሠሩ ልጆች ኢንቨርተር ጄኔሬተር የሚባለውን ዓይነት ብትገዙ ይሻላችኋል። ውድ ነው፣ ግን መብራቱ የረጋ ነው፣ ድምፁም ጎረቤት አያስነሳም። የናፍጣው ለወፍጮ ቤትና ቀን ሙሉ ለሚሠራ ሱቅ ጥሩ ነው። ለመኖሪያ ቤት ይከብዳል፣ በዚህ ብርድ ጠዋት ማስነሳቱም ፈተና ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን አትርሱብኝ።

ክረምት ነበር፣ ዝናቡ ያለማቋረጥ የሚወርድበት ሰሞን። አንድ ማታ ስልክ ተደወለልኝ። «ጄኔሬተሩ ይሠራል ግን ቮልቱ ይወዛወዛል፣ ናልን» አሉኝ። ቤቱ ሩቅ አልነበረም፣ ሄድኩ። በሩን ሲከፍቱልኝ የሞተሩ ድምፅ ከውስጥ ነው የሚመጣው። ዝናብ እንዳይመታው ብለው ኮሪደር ውስጥ አስገብተውታል። የጓሮውን በር ገርበብ አድርገው ጭሱ በዚያ ይወጣል ብለዋል። ሳሎን ስገባ እናትየው ራሷን በሻሽ አስራ ተጋድማለች። ትልቁ ልጅ አስመልሶታል፣ የምሳው ሽሮ ነው ተባለ። ትንሿ ሶፋ ላይ ተኝታለች። አባትየው ቆሞ ያናግረኛል፣ ግን ቃል ይጠፋበታል። ሁሉም በአንድ ማታ፣ በአንድ ሰዓት ታመሙ። ሽሮ እንዲህ አያደርግም።

ሞተሩን አጠፋሁ፣ በርና መስኮት ሁሉ ከፈትኩ። ትንሿን ተሸክሜ ዝናቡ ውስጥ ወጣሁ። ስሟን ስጠራት ዓይኗን ገለጥ አድርጋ ትመልሰዋለች። ጎረቤት መኪና አወጣና ሆስፒታል ደረስን። ኦክስጅን ተሰጣቸው፣ ሁሉም ዳኑ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሩብ ሰዓት ዘግይቼ ብደርስ ምን እንደማገኝ ሳስብ እስከ ዛሬ ሰውነቴ ይቀዘቅዛል።

እኛ ደገኞች ይህን ሞት እናውቀዋለን። የከሰል ጭስ የምንለው ነው። በብርድ ማንደጃ አስገብቶ በር ዘግቶ የተኛ ሰው ጠዋት ሳይነሳ የቀረበትን ለቅሶ እዚህ ያለ ሰው ሁሉ ደርሷል። ጄኔሬተርም የሚያወጣው ያንኑ ነው፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። ልዩነቱ ከማንደጃው እጅግ አብልጦ፣ እጅግ ፈጥኖ ማውጣቱ ነው። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፣ ሽታም የለውም። የሚሸታችሁ ሌላው ጭስ ነው። ጭሱ አይሸተኝም ማለት ጋዙ የለም ማለት አይደለም። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ነገር ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በርትቶ ይይዘዋል። ከያዘ ቶሎ አይለቅም። እኛ ደግሞ መጀመሪያውኑ በሳሳ አየር ነው የምንኖረው። ቆላ ላለ ሰው ትንሽ የሆነው እኛን ቶሎ ይጥለናል። ሞተራችንም አየር አንሶት ከቆላው የበለጠ መርዝ ያወጣል። ቅድም ስለ ጉልበት የነገርኳችሁና አሁን ስለ ሞት የምነግራችሁ የአንዱ አየር ጉዳይ ናቸው።

ስለዚህ ጄኔሬተር ቤት ውስጥ አይገባም። በረንዳ ላይም፣ ኩሽና ውስጥም፣ የመኪና መቆሚያ ውስጥም አይገባም፣ በሩ ወለል ብሎ ቢከፈትም። በመስኮት ሥርም አይቀመጥም። ከማንኛውም በርና መስኮት፣ ከእናንተም ከጎረቤትም፣ ቢያንስ 6 ሜትር ይራቅ። ጭስ የሚወጣበት ማርሚታ ፊቱን ከቤቶች ያዙር። ከዚያ በኋላ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ቤተሰቡን በአንድ ጊዜ ከያዘ ውጡ። አታጣሩ፣ ውጡ፣ ከዚያ ሐኪም ቤት። ሎሚ ማሽተትም ሆነ ወተት መጠጣት ይህን ጋዝ ከደም አያወጣም። ጋዙን ለይቶ የሚጮህ ትንሽ መሣሪያ አለ፣ በባትሪ ይሠራል። ካገኛችሁ መኝታ ቤት አካባቢ ስቀሉት። ካላገኛችሁ ርቀቱ ይጠብቃችኋል።

እትዬ፣ እጅዎን አንስተዋል፣ ይጠይቁ። «ውጭ ካደረግሁት ሌባ ይወስደዋል» ነው የሚሉት? ልክ ነዎት፣ ይህ እውነተኛ ጥያቄ ነው። ያ ቤተሰብም ለዝናቡ ብቻ ሳይሆን ለሌባውም ፈርቶ ነበር። የማደርገውን ልንገርዎት። ግቢው ጥግ ላይ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ የሚል የሲሚንቶ መደብ አሠራለሁ። ሲሚንቶው ሳይደርቅ ወፍራም የብረት ቀለበት እቀብርበታለሁ። ጄኔሬተሩ በሰንሰለትና በቁልፍ ከቀለበቱ ጋር ይታሰራል። ከላይ ቆርቆሮ በአራት ብረት ላይ ይቆማል፣ ጎኖቹ ግን ክፍት ናቸው። ዝናብ አይመታውም፣ አየር ይገባዋል፣ ሌባም በቀላሉ አይወስደውም። ሥራው ሲያበቃና ሲቀዘቅዝ ወደ ዕቃ ቤት ማስገባት ይቻላል፣ ሰው የማያድርበት፣ እሳት የሌለበት ከሆነ። እየሠራ ግን አይገባም።

ግቢዬ ጠባብ ነው፣ 6 ሜትር የለኝም የሚል ሰው ካለ ጄኔሬተር አይግዛ። ይህን ስል ገበያዬን እያጠበብኩ መሆኔን አውቃለሁ፣ ሆኖም እውነቱ ይኸው ነው። እንዲህ ላለ ቤት ባትሪና የባትሪውን ኃይል ወደ 220 ቮልት የሚቀይር ኢንቨርተር ይሻላል፣ ከተቻለም ጣሪያ ላይ ሶላር። አንድ የ12 ቮልት፣ የ100 አምፔር ሰዓት የመኪና ዓይነት ባትሪ ግማሹን ብቻ ብትጠቀሙ 600 ዋት ሰዓት ይሰጣል። አራት አምፖልና አንድ ትንሽ ቴሌቪዥን 100 ዋት ቢሆኑ አምስት ስድስት ሰዓት ታመሻላችሁ። ድምፅ የለው፣ ጭስ የለው። ፀሐያችን ደግሞ በበጋ ጎበዝ ናት።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ወጣት ሳለሁ በሁለቱም ጫፍ ስፒና ያለው ገመድ ለሰዎች ሠርቼ አውቃለሁ። አንዱን ጫፍ ጄኔሬተሩ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ የግድግዳ ሶኬት ላይ ሰክቶ ቤቱን ሁሉ ማብራት ነው። በዚያን ጊዜ ብልሃት መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን የመስመር ሠራተኛ የሆነ ጓደኛዬ መብራት ጠፍቶ ምሰሶ ላይ ወጣ። ከመንካቱ በፊት ሽቦውን በመሣሪያ ፈተሸ። መስመሩ ጠፍቷል በተባለበት ሰፈር ሽቦው ሕያው ነበር። ከአንዱ ቤት ጄኔሬተር የወጣ መብራት ተመልሶ ወደ መስመሩ ገብቷል። ትራንስፎርመር ወደ ቤታችን ሲመጣ 15,000 ቮልት አውርዶ 220 ያደርገዋል። ከቤት ወደ ኋላ ሲሄድ ደግሞ 220ውን ከፍ አድርጎ 15,000 ያደርገዋል። ጓደኛዬ ባይፈትሽ ኖሮ ልጆቹን ያለ አባት እናስቀር ነበር። በማግስቱ እንዲያ ያለ ገመድ የሠራሁላቸውን ቤቶች አንድ በአንድ ዞሬ ሰበሰብኩ፣ ቆራረጥኳቸውም።

ያ ገመድ ባለቤቱንም ይገድላል። አንዱ ጫፍ ከሶኬት ቢነቀል ራቁቱን የቆመው ስፒና 220 ቮልት አለው። ሕፃን ሊይዘው ይችላል። መብራት በድንገት ሲመጣም ጄኔሬተሩን ያቃጥለዋል። ቤታችሁን ሁሉ በጄኔሬተር ማብራት ከፈለጋችሁ ቼንጅ ኦቨር አስገቡ። ከቆጣሪው ቀጥሎ የሚገባ ማብሪያ ነው። ወይ ከመስመሩ ወይ ከጄኔሬተሩ ይቀበላል፣ ከሁለቱም በአንድ ጊዜ አይቀበልም። ሁለቱንም ሽቦ፣ ፌዙንም ኑትራሉንም፣ የሚቆርጥ ይሁን። ፈቃድ ያለው ባለሙያ ይግጠመው። ዋጋው ከከበዳችሁ ዕቃዎቻችሁን ከጄኔሬተሩ በቀጥታ በኤክስቴንሽን ሰኩ። ገመዱ ባለ 2.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር መዳብ፣ ጎማ ልባስ ያለው ይሁን። ተጠቅልሎ እንዳለ አትጠቀሙበት፣ ይግላል። ዲቫይደር በዲቫይደር ላይ አትቀጣጥሉ።

ነዳጅ። ሞተሩ እየሠራ ወይም እንደጋለ ቤንዚን አይጨመርም። አጥፉት፣ ሩብ ሰዓት ይብረድ፣ ከዚያ ጨምሩ። ሻማ ይዞ የሚያበራላችሁ ልጅ አጠገባችሁ አይቁም። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፣ መሬት ለመሬት ተስቦ የቡና ከሰል ጋ ይደርሳል። ጀሪካኑ ሰው ከሚተኛበትና እሳት ካለበት ይራቅ። በውሃ ሃይላንድ አታስቀምጡ፣ ልጅ ይጠጣዋል።

ስታስነሱ ምንም ሳይሰካ አስነሱት፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይሙቅ። በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ጠዋት ትንሽ ጨምሩለት። ከዚያ ትልቁን አስቀድሞ አንድ በአንድ ሰኩ። ስታጠፉ መጀመሪያ ንቀሉ። ዘይቱን ከማስነሳታችሁ በፊት እዩ። አዲስ ማሽን ከመጀመሪያው 20 ሰዓት ሥራ በኋላ ዘይቱ ይቀየር። ከዚያ በየ50 እስከ 100 ሰዓቱ፣ መመሪያው እንደሚለው። ወር ሙሉ መብራት ካልጠፋም አንድ ቀን ለሩብ ሰዓት አስነሱት። ለብዙ ወራት የማትፈልጉት ከሆነ ቤንዚኑን ከታንከሩም ከካርብሬተሩም አውጡ። የቆየ ቤንዚን ያቺን የነገርኳችሁን ትንሽ ቀዳዳ ይደፍናታል። ጥገና ፍለጋ ከሚመጡልኝ ጄኔሬተሮች ብዙዎቹ በሽታቸው ይኸው ነው።

ከግቢው በስተጀርባ ጄኔሬተር አቁሜአለሁ። ገመዱን ይዘን እንውጣ። አንዱን ጫፍ የአዳራሹ መስኮት ላይ የሚይዝልኝ ሰው እፈልጋለሁ፣ ሌላውን እኔ ይዤ እሄዳለሁ። ገመዱ ያለቀበት ቦታ ላይ ቆመን እናስነሳዋለን።